ሁለት ጋዜጣ፣ አንድ የተቆለፈ በር

«በር አስተያየት የለውም! ወይ ተቆልፏል… ወይ ክፍት ነው!»

ኦዲል ሁለቱን ጋዜጦች ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻቸው። የጋዜጠኛው ቡና ሱሪው ላይ ተደፋ።

ካፌው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት…

ኦዲል የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናት። ሰሜን ፈረንሳይ፣ አንድ የብስኩት ፋብሪካ ባለባት ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማ ሰው አልነበረም።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ግን ያ ፋብሪካ ተቃጠለ።

ባሏ ጌስላን የአደጋ ጊዜ መውጫው በር ሥር ሞቶ ተገኘ።

በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር!

በማግስቱ ሁለት ጋዜጠኞች ቤቷ መጡ። ባስትያን ከፓሪስ ጋዜጣ፣ ሎረል ከአሜሪካ ጋዜጣ።

ለሁለቱም አንድ ነገር ነው የነገረቻቸው…

«ጌስላን በሩ ይከፈት ብሎ ከሦስት ወር በፊት ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጽፏል። ቅጂው ይኸውላችሁ። ይህን ጻፉልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ» አሉ ሁለቱም።

ሳምንት አልፎ ጋዜጦቹ ወጡ። በቀብሩ ዕለት ጠዋት።

የአሜሪካው በጌስላን ርግቦች ጀመረ። ለውድድር የሚያሠለጥናቸው ሠላሳ ሁለት ርግቦች… እያንዳንዷን በስሟ እንደሚጠራት… ጠዋት ጠዋት ለሚስቱ ዳቦ ላይ ቅቤ እንደሚቀባላት… ፎቶው ግማሽ ገጽ ሞልቷል።

የእህቷ ልጅ እየተረጎመች ስታነብላት ኦዲል ተንሰቀሰቀች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና…

«በሩስ?» አለች።

ልጅቷ ጽሑፉን እስከ ታች ቃኘችው። «አለ አክስቴ… መጨረሻ ላይ። ‹ቤተሰቡ ስለ መውጫዎቹ ጥያቄ አለው› ይላል።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

ኦዲል የፓሪሱን ገለጠች። «ኢንዱስትሪያችን ወዴት እየሄደ ነው?» ይላል ርዕሱ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ተናገረ። የአሠሪዎቹ ተወካይ መለሰለት። አንድ ፕሮፌሰር ሁለት ዐምድ ሙሉ ተፈላሰፉ። የሕጉ አንቀጽ አለ፣ የፓርቲዎቹ ጭቅጭቅ አለ…

ጌስላን ግን የለም። «አንድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሠራተኛ» ነው የተባለው።

በሩም «አወዛጋቢው በር» ሆኗል! ማኅበሩ ተቆልፎ ነበር ይላል። ሥራ አስኪያጁ «እኔ አላስቆለፍኩም፤ ተቆልፎ ከሆነም የዘበኛው ስህተት ነው» ይላል። ፍርዱ ለአንባቢ ተተወ። የጌስላን ደብዳቤ በሁለቱም ጋዜጦች አልተነሳም።

ኦዲል ባሏን ቀብራ ስትመለስ ሁለቱን ጋዜጠኞች ካፌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ አገኘቻቸው። ከዚያ ነው ቡናው የተደፋው።

«ማዳም፣ ይረጋጉ…» አለ ባስትያን ሱሪውን እየጠረገ። «የእኛ ሥራ ሁሉንም ወገን ማናገር ነው። አንባቢው ተከራክሮ ይወስን።»

«ባሌ የክርክር ርዕስ ነው?!»

ሎረል በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ጣልቃ ገባች። «ኦዲል፣ ሰው ስለ በር አያነብም። ስለ ሰው ነው የሚያነበው። እኔ እኮ ባልሽን እንዲወዱት አድርጌያለሁ።»

«ወደዱት! አይቼው ከማላውቀው አገር በስልክ የልብ ምልክት ይልኩልኛል! ማን ገደለው ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም!»

ወደ ባስትያን ዞረች። «አንተ ባሌን ሰረዝከው።»

ወደ ሎረል ዞረች። «አንቺ ገዳዩን ሰረዝሽው።»

ጥላቸው ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ደጃፏ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ካዚሚር ነው። የፋብሪካው ዘበኛ።

«ኦዲል… በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?!»

«ሥራ አስኪያጁ ነው ያዘዘኝ። ሠራተኞቹ በዚያ እየወጡ ሲጋራ ያጨሳሉ ብሎ። በጽሑፍ ካልሰጠኸኝ አልቆልፍም አልኩት… ሰጠኝ።»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ፊርማው ቁልጭ ብሎ ይታያል!

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ነበርክ?!»

«ፈራሁ። ዛሬ ጠዋት የአሜሪካውን ስልኬ ላይ አስተርጉሜ አነበብኩ… ጌስላን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ቀጥዬ የፓሪሱን አነበብኩ… ሥራ አስኪያጁ በእኔ ሲያላክክ። አልቻልኩም።»

«ለጋዜጠኞቹስ ለምን አልነገርክም?»

ካዚሚር መራራ ሳቅ ሳቀ።

«ግቢውን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። መታወቂያቸውን ተቀብዬ የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። እሷ የተቃጠለ ጓንት ፎቶ አነሳች። እሱ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ የት ነው አለኝ። ‹ቁልፉን የሚይዘው ማነው?› ያለኝ የለም። አንዳቸው ቢጠይቁኝ እናገር ነበር… የእናቴ አጥንት ይውጋኝ!»

ኦዲል ልትመታው እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው…

«ይቅር አልልህም። ዛሬም፣ ነገም። አሁን ግን መኪናው ውስጥ ግባ!»

በቀጥታ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ወሰደችው።

ሥራ አስኪያጁ ተከሰሰ። ካዚሚርም ተከሰሰ፤ ግን ምስክርነቱን ከመስጠት አልሸሸም።

ሁለቱም ጋዜጦች የሥራ አስኪያጁን የጽሑፍ ትእዛዝ የፊት ገጻቸው ላይ አወጡት። ባስትያን የጌስላንን ስም በመጀመሪያው መስመር ጻፈ። ሎረል በሰንሰለቱ ጀመረች። ይቅርታ ሊጠይቋት ሲደውሉ ኦዲል «አሁን?! ባሌ ከተቀበረ በኋላ!» ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችባቸው።

ወዳጆቼ… አንዱ ጋዜጣ አስለቀሰን፣ ሌላው አከራከረን። በእንባና በክርክር መሃል ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ዜና ስታነቡ ልባችሁ ሲነካ ወይም ደማችሁ ሲፈላ ቆም በሉና «ይህን ያደረገው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስቲ ፍረዱ… ያዘዘው፣ የቆለፈው፣ ወይስ ሳይጠይቁ የጻፉት፣ የማን ጥፋት ይብሳል? እናንተ ኦዲልን ብትሆኑ ካዚሚርን ይቅር ትሉት ነበር? 👇