ሁለቴ የተገለበጠ ስም

እንጅባራ ላይ ዮዲትን የማያውቅ ተማሪ የለም። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ውቤን «ኔትወርክ ያለው ባሕር ዛፉ ላይ ነው» ብላ አስወጥታቸው፣ መውረድ አቅቷቸው መሰላል ተፈልጓል።

ለዚህ ጉዷ አባቷ አቶ አዝመራው ከመንደራቸው ከጥርባ ተጠርተው መጡ።

«ሌላ ስሞታ ብሰማ ትምህርቱ ይቀራል» አሏት። «ትዳሪያለሽ።»

የኮምፒውተር አስተማሪው አየነው አጠገባቸው ነበር። «ይተዋት አባባ፣ ልጅ ናት» ብሎ እስከ ባጃጁ ሸኛቸው። ቤታቸው የት ጋ እንደሆነም ጠየቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ዮዲት አፏን ያዘች። አንድ ቀልድ እንኳ አልወጣትም።

ማክሰኞ ፈተና ነበር፦ ሉፕ በሚባለው ተደጋጋሚ ትእዛዝ ስምን መገልበጥ። ፕሮግራሙ ፊደሎቹን ከመጨረሻው እየለቀመ ስሙን የኋሊት ይጽፈዋል። ሰኞ ሁሉም ሠርተው፣ ሞክረው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትተውት ወጡ። አየነው ክፍሉን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ማክሰኞ ጠዋት የክፍል ጓደኛዋ ሕይወት ስሟን ጻፈች። ኮምፒውተሩ ያው «ሕይወት» ብሎ መለሰላት።

«ኧረ የኔ አልገለብጥም አለ!»

«የኔም!»

የዮዲት ብቻ ተገልብጦ ወጣ። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«አንቺ ጉደኛ» አላት ይሄነው የሚባለው ተማሪ፣ «እንደ ጋሽ ውቤ ዛፍ ላይ ልትሰቅይን ነው?»

«ጊዮርጊስን! አልነካሁም!» አለች ዮዲት።

«አሁንም ትስቂብናለሽ!»

ዮዲት ግን እየሳቀች አልነበረም።

አየነው በሩ ላይ እንደቆመ «ሁለተኛ ሉፕ ተጨምሮበት ነው» አለ። «የተገለበጠውን መልሶ ይገለብጠዋል።»

ሕይወት ፕሮግራሟን ከፍታ ስታይ እውነትም ተጨምሯል።

«ቲቸር፣ ስለ እመቤቴ! ለአባባ አይንገሩብኝ» አለች ዮዲት።

«ምን ላድርግ ዮዲት? ክፍሉ ሁሉ ወደቀ እኮ።» በጣም ያዘነ ይመስላል። «ሌላ ሰው አባብሶ ከሚነግራቸው እኔው ሄጄ ባስረዳቸው ይሻላል።»

ከሰዓት አየነው በባጃጅ ጥርባ ሄደ።

ዓርብ ዮዲት የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት መለሰች። ጋሽ ውቤ በሩ ላይ «ዛሬስ ኔትወርኩ የት ነው?» ብለው ሊስቁባት ሲሉ ዓይኗን አዩ። በሩን ከፈቱላት።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ጥርባ መጥተው የዮዲት ቤት ደጅ ቆሙ። አቶ አዝመራው ተቀመጡ ቢሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው።»

«ልጃችሁ ማነው?»

«ያውቁታል እኮ፤ ማክሰኞ እዚሁ ቤትዎ ነበር።»