የባሪ ደሴቱ ስም ጥሪ

የቤተ ክርስቲያናችን ሰንበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቤተሰቡን ሁሉ በአውቶብስ ጭኖ፣ ከየብስ በመንገድ ወደ ተያያዘው የባሕር መዝናኛ፣ ባሪ ደሴት፣ ይወስደን ነበር። አሸዋ የገባበት ሳንድዊች በልተን፣ ነፋስ ገርፎን ስንመለስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ፕሮበርት የአውቶብሱ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። ሁሉም «አለሁ» ሳይል አውቶብሱ አይነሳም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ታናሽ እህቴ ኔስታ ባልዲዬን ሰብራብኝ ተኳርፈናል። ስሟ ሲጠራ እሷ ገና አሸዋው ላይ ነበረች። ከኋላ ወንበር ሆኜ፣ እሷን ለመምሰል ድምፄን አቅጥኜ «አለሁ!» አልኩ። ትንሽ ደንግጣ ልኳን ትወቅ ብዬ ነበር።

መንገድ ላይ ሳለን መቅረቷ ታውቆ ስንመለስ፣ ባሕሩ ሞልቶ አሸዋውን ውጦት ነበር።

እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ «ድምፅዋን በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ፤ ምን ፍለጋ ወረደች?» ትል ነበር። እኔ ሻይ እቀዳላታለሁ።

ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያኑ ያንኑ ጉዞ ለእኛ ለአሮጊቶቹ አዘጋጀ።

«ነይ እንጂ ግሌኒስ፣ ባሕሩ አይውጥሽም!» አለችኝ ጎረቤቴ ኦልዌን።

ሄድኩ። ማታ ልንመለስ ስንል ጉልበቴ ያዘኝና ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። ከአሸዋው ወደ መንገዱ የሚያወጣው ደረጃ ሥር ስደርስ፣ ሹፌሩ ከላይ ስም ሲጠራ ሰማሁ።

«ግሌኒስ ሪስ!»

እጄን አነሳሁ። አፌን ሳልከፍት፣ ከአውቶብሱ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ የልጅ ድምፅ «አለሁ!» አለ።

«በቃ ሞልተናል፤ እንሂድ!» ብሎ ሹፌሩ በሩን ዘጋው።

ቀዝቃዛ ውሃ ተረከዜን ነካኝ።