ለሁለት የሚተነፍሰው አጥቂ

"ትናንት ኳስ አልነካሁም አልኩሽ እኮ፣ ትብሌ።"

"ታዲያ ከንፈሬ ለምን ጠቆረ? ከሰል ልሼ ነው?"

ናኦድ ጭቃ የጠጣ ታኬታውን በእግሩ ገፋ አድርጎ አልጋው ስር ከተተው። ታላቅ እህቱ ትብለጥ አዲስ ጉበት ከተተከለላት ወዲህ ደሟ ኦክስጅን እያጠረው አስቸግሯል። በዚህ ዘመን ደግሞ የዚህ መድኃኒቱ የሥጋ ዘመድ ነው። ሐኪሞቹ የእሱን ትንፋሽ ወደ እሷ የሚያሻግር አምባር ለሁለቱም አጠለቁላቸው፤ ጉበቱ እስኪለምዳት ድረስ ወንድም ለእህቱ ይተነፍሳል። እሱ ደረጃ ሲወጣ እሷ ታለከልካለች። በዚህ ቤት ጭቅጭቅ እንኳ ቁጭ ተብሎ፣ ቀስ ተብሎ ነው።

ትናንት እሱ ሜዳ ላይ ሲፈተለክ፣ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ አለች። ሽንኩርቱ ዛሬም ግማሹ ሳይከተፍ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ናኦድ ሽንኩርቱን አየና ዓይኑን ሰበረ። እግሩ ግን አላርፍ አለ፤ ወለሉን ይደበድባል። ውጪ ጓደኞቹ እያፏጩ ይጠሩታል።

"ትብሌ ሙች፣ ዛሬ የሰፈር ዋንጫ ፍጻሜ ነው። አምባሩን ላውልቅ አላልኩም። ቀስ እያልኩ እሮጣለሁ።"

"ቀስ ተብሎ ይሮጣል?"

"እና ምን ላድርግ? አጥቂ ነኝ። እኔ ካልሮጥኩ ማን ጎል ያገባል?"

ትብለጥ ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። የእሱን ትንፋሽ።

"ከልጅነትህ ጀምሮ አይሃለሁ፤ አንድም ጎል አግብተህ አታውቅም። ሂድ፣ በረኛ ሁን።"