ያልጣፈጠው ማር

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ድንቅነሽ የወባውን ክትባት በወሰደች በሳምንቱ፣ ለልጇ ሠርግ ጠጅ የሚሆን ማር ልትገዛ ገበያ ወጣች። ከማር ሻጩ ዕቃ በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰችና ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«ጋሼ መንበሩ፣ ሰም ነው የሚሸጡልኝ? ስኳር እንኳ ቢቀላቅሉበት ይጣፍጥ ነበር!»

«እኔን? ከሃያ ዓመት ደንበኝነት በኋላ? ተከትበሻል እንዴ?»

«አዎ። ምነው?»

«ክትባቱን የሚያበረታው ስኳር መሰል ነገር ጣፋጭን የመለየት የምላስ ስሜት ይወስዳል፤ እኔም ከተከተብኩ ወዲህ ማሬን የማውቀው በመዓዛው ነው።»

ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ሁለት ልጆች በወባ የቀበረች ናትና ክትባቱን አልረገመችም፤ ሰውየውን ግን አላመነችም። የሚቀምስላት ያልተከተበ ሰው ብትፈልግ በገበያው አንድም አጣች።

«እሺ፣ ይመዝኑልኝ» አለች ቀስ ብላ።

እናንተ ገና ያልተከተባችሁ፣ አደራ፣ የማርን ጣዕም አስታውሱላት።