ዳቦ የማትበላው ንስር

ሙሐመድዘይን ወሬውን የሰማው ከማሚቴ ነው። ማሚቴ መርሳ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ዳቦ ትሸጣለች።

«መምህርት ረሂማ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስድስት ስድስት ዳቦ እየገዛች ወደ ገደሉ ትወጣለች» አለችው። «የንስር ጎጆ ለማየት ነው አለችኝ። ንስር ከመቼ ወዲህ ነው ዳቦ የሚበላው?»

«ተደብቃ ነው የምትገዛው?»

«ኧረ ምን ተደብቃ! መንገደኛው እስኪሰማ ጮክ ብላ ነው የምትቆጥረው።»

ጊዜው ጥር 2014 ነበር። ጦርነቱ ከመርሳ ወደ ሰሜን ከራቀ ወር አልፎታል። ጥርጣሬው ግን አልራቀም። ትግርኛ ተናጋሪ የሆኑ የከተማው ሰዎች እየተለቀሙ ይወሰዱ ነበር። ከእነሱ አንዱ ሓድጉ ሲወሰድ ጎረቤቱ ረሂማ በመስኮት ቆማ አይታለች። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የተናገረ የለም። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ፍረወይኒ ያን ዕለት ከቤት አልነበረችም፤ ከዚያ ወዲህ ጸጥታ አስከባሪዎቹ ሲያስሷት ነው የከረሙት።

ሙሐመድዘይን ወደ ደሴ በሚያስወጣው መንገድ ላይ የቆመው ኬላ ኃላፊ ነው። መርሳ ተወልዶ መርሳ ስላደገ የማያውቀው ፊት የለም። ፍረወይኒ በእሱ ኬላ አላለፈችም። እንግዲህ ያለችው ገደሉ ላይ ነው፤ ዳቦውም የእሷ ነው።

ቅዳሜ ጧት ኬላውን ለአብዱልሐሊም ተወለት። አብዱልሐሊም ከሐራ ከመጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው።

«መታወቂያ ሳታይ ማንንም እንዳታሳልፍ» አለው። «ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያይ። መዝግብ።»

ረሂማን ከተራራው ግርጌ ደረሰባት። አንገቷ ላይ ሩቅ የሚያሳይ አሮጌ ባይኖክላር አንጠልጥላለች። ከላይዋ የማይጠፋውን ጥቁር ጅልባብ ትታ ሻሽ ብቻ አስራለች።

«መምህር፣ ወደ ላይ መውጣት ተከልክሏል።»

«ለንስሯ ንገራት። ቀድማኝ የወጣችው እሷ ናት።»

«ቀልድ አይደለም። መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

«አልያዝኩም። ስምህን መጻፍ ያስተማርኩህ እኔ፣ ዛሬ ማን ነሽ ልትለኝ ነው?»

ሙሐመድዘይን አፈረ፤ ግን አልተመለሰም። ቦርሳዋን አስከፈታት። ስድስት ዳቦ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለሚከተለኝ።»

«እንግዲያው እከተልዎታለሁ።»

«ጉልበትህ ከቻለ።»

ረሂማ ግን ራሷ አልቸኮለችም። ጥላ ባገኘች ቁጥር ትቀመጣለች፤ ጠጠር ገባብኝ ብላ ጫማዋን ታወልቃለች፤ እንደገና ታስራለች። ሙሐመድዘይን ሆን ብላ እንደምታዘገየው ገባው። ላይ ያለችው ሴት እስክትሸሽ ነው ብሎ ቀድሟት ወጣ።

ጎጆው ከገደሉ ማዶ፣ ከድንጋይ መደብ ላይ ተጎዝጉዟል። በዚህኛው በኩል፣ ልክ ፊት ለፊቱ፣ አንድ ዋሻ አለ። ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ፍረወይኒ! ውጪ!»

የመለሰለት የራሱ ድምፅ ነው። ገባ። የፍየል በጠጥና የሌሊት ወፍ ሽታ እንጂ ሌላ አልነበረም። በላብ ተጠምቆ ሲወጣ ረሂማ ደርሳ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጎጆውን ታያለች።

«አገኘሃት?»

«ፍረወይኒና እርስዎ የአንድ እናት ልጅ ነበር የምትመስሉት» አለ እያለከለከ። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የት ናት?»

«አሁንም እንመስላለን።» ባይኖክላሩን ሰጠችው። «መጀመሪያ ይቺን እይ።»

ነጭ ጫጩት አየ። እናቲቱ ክንፏን ሰብስባ ከጎኑ ቆማለች።

«አንድ ብቻ ነው?»

«ሁለት ነበሩ። ትልቁ ትንሹን እየነቆረ ገደለው።»

«እናትየውስ?»

«ቆማ አየች።» ረሂማ አንዱን ዳቦ ቆርሳ ዘረጋችለት። «ሓድጉን ስትወስዱት እኔም እንደሷ ቆሜ አየሁ። ሁለተኛ ግን ቆሜ አላይም።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ዳቦህን ብላ።»

ርቦት ነበርና በላ። ሁለት ደገመ። እሷም በላች። የንስሩ አባት ጥንቸል ይዞ ሲመጣ ባይኖክላሩን እየተቀባበሉ አዩት።

ለዐስር ሶላት ሲጠራ ከተማ ገቡ። ወደ ረሂማ ቤት የሚያስገባው መንገድ ጋ ሲደርሱ ሙሐመድዘይን ቆመ።

«አውፍ ይበሉኝ፣ መምህር። ሰው ተሳስቼ ነው። በዚህ ይግቡ እንግዲህ።»

«አልገባም። ኬላህ ድረስ እመጣለሁ።»

«ኬላው ላይ ምን አለዎት?»

ፊት ፊቱን እየመራች ሄደች፤ ከኬላው ገመድ አጠገብ ደርሳ እጇን አጣምራ ቆመች። አብዱልሐሊም ከወንበሩ ተነሣ። ረሂማን ገርመም አደረጋትና ደብተሩን ገለጠ።

«ሰላም ነው የዋልነው» አለ ለአለቃው። «ብቻዋን ወደ ደሴ ያለፈችው አንዲት ሴት ናት፤ ጥቁር ጅልባብ የለበሰች። ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያይቻለሁ። ረሂማ ይማም፣ ሥራ መምህርት።»