የባሩዱ ልክ

የጠመንጃው ሰደፍ ትከሻዋን ሲመታት ሐቢባ ወደ ኋላ ተንገዳግዳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጭሱ ገለል ሲል ዝንጀሮዎቹ እንደነበሩ ናቸው። አውራው የእርከኑ ካብ ላይ ተቀምጦ የማሽላ ራስ እየፈለፈለ ወደ እሷ ያያል። አረሩ የት እንደገባ አላህ ይወቀው፤ ወደ አምባሰል ተራራ ሳይሄድ አልቀረም።

«አይ» አለ ኑርዬ ከኋላዋ።

ባሏ ኑርዬ ከማማው ሥር ድንጋይ ተደግፎ፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ተቀምጧል። ከረመዳን ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ከአፉም የቀረችው ቃል ይህችው ናት። ሲርበው አይ፣ ሲጠግብም አይ። ሐቢባ በድምፁ እየለየች ትኖራለች። ያሁኑ «በዛ» ማለት መሆኑን ግን ትከሻዋም ነግሯታል።

«በዝቷል፣ አውቄያለሁ» አለችው። «አፍህ ደህና በነበረ ጊዜ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ይቺን ብረት አንድ ቀን አስነክተኸኝ ታውቃለህ?»

ብረቷ ከአያቱ የወረሳት፣ ባሩድና አረር በአፈሙዟ የምትጎርስ፣ በባልጩት የምትተኩስ ቆመህ ጠብቀኝ ናት። የቀበሌ ሰዎች መሣሪያ ሲመዘግቡ አይተዋት ስቀው መልሰውለታል። ኑርዬ ግን በዚህችው አውራው ዝንጀሮ የተቀመጠበትን ድንጋይ ይመታ ነበር። አይገድልም፤ ድንጋዩን ከቂጡ ሥር ያፈነዳበታል፣ መንጋውም ገደሉን ይዞ ይወርድና ቶሎ አይመለስም። ዘንድሮ ጠባቂዋ ሴት መሆኗን ካዩ ወዲህ ንቀዋታል። የባዶ ባሩዱን ጩኸት ለምደውት ዘለል ይሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ። ማሽላው ለአጨዳ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ሌላ እርሻ ደግሞ የላቸውም። በዚህ ከቀጠሉ ለክረምት ቀርቶ ለጥርም የሚበላ አይተርፍም።

ሐቢባ ተነስታ ዘንጉን በአፈሙዙ ሰደደችው። አረሩን የጠቀለለችበት የአሮጌ ሻርፗ ቁራጭ ቀልጦ ከውስጥ ተለጥፏል። እሱን ፍቃ ጣለችና ከመቀነቷ ሥር አዲስ ነጭ አቡጀዲ አወጣች። ኑርዬ ዓይኑ ፈጠጠ።

«አዎ፣ ከከፈንህ ነው የቀደድኩት» አለችው።

ከፈኑን ከሐይቅ ገበያ ያስገዛት ራሱ ነው፤ በምልክት ነዝንዞ። ሳጥን ውስጥ ካስቀመጠችለት ጀምሮ ሳጥኑን እንጂ እሷን አያይም። እሷም ይህንን ሳጥን እንደ ጣውንት ጠልታዋለች።

«በወፍራም አቡጀዲ ስትጠቀልለው አይቻለሁ። ቤት ያለው አቡጀዲ ይኸው ብቻ ነው። ስትሞት ሌላ እገዛልሃለሁ፣ ማሽላው ከተረፈ።»

ኑርዬ ፊቱን አዞረ። እሷ ጨርቁን ሞራ እየቀባች በጎን በኩል ወንጭፍ ይዞ የራሱን ማሳ የሚጠብቀውን ጎረቤታቸውን ተጣራች።

«ስማኝማ ውበቱ፣ ይሄ ሰውዬ ባሩዱን በምን ነበር የሚሰፍር?»

«በምንም አይሰፍር፣ እታለም። አረሯን መዳፉ ላይ ያስቀምጥና እስክትሸፈን ባሩድ ያፈስባታል። ስትሸፈን እሱ ነው ልኩ። አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ብመጣልሽ ደስ ባለኝ፣ ዘወር ስል እኔኑ ይጨርሱኛል እንጂ።»

ሐቢባ ቢስሚላህ ብላ አረሩን መዳፏ ላይ አኖረች፤ ከቀንዱ ባሩድ አፈሰሰችበት። ወዲያው ተሸፈነ። አጎረሰች፣ በአቡጀዲው የተጠቀለለውን አረር ጠቀጠቀች፣ ከባልጩቱ ሥር ቆንጠር አድርጋ ባሩድ ነሰነሰችና ምላጩን ሳበች። ብረቷ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሳል አለች፤ አረሩ ካቡ ዘንድ ሳይደርስ ማሽላው መሃል ወደቀ። አውራው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

መዳፏን አየችው። ትንሽ ነው፣ ጎድጓዳም ነው፤ እፍኝ ሳይሞላ አረሩን ይውጠዋል። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አይ» አለ ኑርዬ፣ ገና ሳትደርስበት። ግራ እጁ ጋቢውን ቀኙ ላይ አጥብቆ ያዘ። ያቺን እጅ ለማንም አያሳይም። ሐቢባ ስታጥባት እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ወላሂ አልሰማህም» አለችና ተንበረከከች።

እጁን ከጋቢው ሥር ሳበችው። ጣቶቹ ተጨብጠው ደርቀዋል። እየጎተተች፣ እያሻሸች ፈታቻቸው። እርፍ ያጠነከረው መዳፍ ተልጦ እንደ ሕፃን ገላ ለስልሷል። ልታለቅስ ፈለገች፣ ዝንጀሮው ፊት ግን አላለቅስም አለች። አረሩን አስቀመጠችና ቀንዱን አዘነበለች። ሰፊ መዳፍ ነው፤ ባሩዱ ቢፈስ ቢፈስ አረሩ ብቅ እንዳለ ነው። ኑርዬ ትንፋሹን ይዞ ወደ ታች ያያል። አናቱ ሲሸፈን «አይ» አለ፣ በለሆሳስ፤ ይህኛውን ሰምታው አታውቅም።

አረሩን ለቅማ አነሳችና እጁን እንደያዘች ባሩዱን ወደ አፈሙዙ አዘነበለችው። አረሩን በአቡጀዲው ጠቅልላ ጠቀጠቀች፣ ከባልጩቱ ሥር ባሩድ ነሰነሰች፣ ብረቷን ኑርዬ የተደገፈው ድንጋይ ላይ አስደግፋ አነጣጠረች። ብረቷ ጮኸች፤ ሰደፉ ገፋ አደረጋት እንጂ አልጣላትም። ከአውራው ሥር ድንጋዩ ተፈረካከሰ። የያዘውን ማሽላ ጥሎ እየጮኸ ሲዘል መንጋው ተከትሎት ወደ ገደሉ ተንጋጋ።

«እሰይ» አለ ውበቱ ከማዶ። «አውራው ግን ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ያይሻል። ሳይደፍርሽ ድገሚው።»

ሐቢባ ባሩዱን ልታነሳ ዞረች። ኑርዬ ጋቢውን ከላዩ ገፎ ጥሎታል። አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ በግራ እጁ የቀኙን ጣቶች አንድ በአንድ እየከፈተ ነው።