አንጥረኛው ዝም ሲል

ድንጋዩ ያገኘዋል ብዬ አልጠበቅሁም። እውነቴን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ኩሽና ውስጥ ተሰቅሎ የኖረውን የላስቲክ ወንጭፍ ያወረድኩት ላስፈራራው ብዬ ነበር። ወፉ ከግራሩ ላይ ዱብ አለ፤ "ቲንክ፣ ቲንክ" ማለቱም እዚያው ቀረ።

ጆሃንስበርግ የሌሊት ዘበኛ ነኝ። ለዕረፍት አገሬ ከገባሁ አራት ቀኔ ቢሆንም ሰውነቴ ቀን ካልተኛሁ ይለኛል። ይህ አንጥረኛ የምንለው ወፍ ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ብረት እንደሚቀጠቅጥ ሰው፣ ያንኑ አንድ ድምፅ ሲደጋግም ይውላል። ጭንቅላቴን በላው!

አነሳሁት። ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም፤ ግንባሩ ቢጫ ነው። መንቁሩ ላይ የሚበላው ሙጫማ የተቀጥላ ፍሬ ተጣብቋል። የፍሬው ሙጫ ጣቴ ላይ ቀረ፤ በሱሪዬ ብጠርገው፣ በአፈር ባሸው፣ ወይ ፍንክች። ወፉን ኪሴ ከተትኩት።

"ጋሪካይ!" እናቴ ከቤቱ ጥላ ስር ጠራችኝ። ዓይኖቿ ከጠፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። "መሸ እንዴ?"

"ኧረ ገና እኩለ ቀን ነው፣ እማ።"

"ታዲያ አንጥረኛዬ ምን ሆነ?"

"ሄዶ ይሆናላ።"

"የት አባቱ ይሄዳል! እኔ ቀኑን የማውቀው በሱ ነው። ሲጀምር ነጋ፣ ሲተው መሸ። አንተ እዚያ ከተማህ ስትቀር ማን የሚያጫውተኝ ይመስልሃል?"

የበቆሎ ገንፎውን፣ ሳድዛውን፣ ከነጎመኑ አቀረብኩላት። ሳህኑን ስትቀበል እጄን ነካችው፤ ሙጫው ጣቷን ያዘው። ጣቷን ከጣቷ አሸች፤ አሸተተችውም።

"ተባረክ፣ ሹምባ።"

እኛ ዘንድ ሰው የሚመሰገነው በጎሳው ስም ነው፤ የእኛ ደግሞ ሹምባ፣ አንበሳ ማለት ነው። አንበሳው እኔ፣ ኪሴ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ሬሳ ይዤ ቆሜያለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጎተራው ጀርባ ሄድኩ። የዶማ ራስ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥዬ በሚስማር መታሁት። ቲንክ። ቲንክ። ቲንክ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰውዬ! ላቤም እንባዬም አንድ ላይ ይወርዳል። እንዴት አድርጎ ነው ቀኑን ሙሉ የሚችለው?

ብዙ ቆይቼ ክንዴ ዛለና አንድ ምት አመለጠኝ።

"ሹምባ" አለች እናቴ ከወዲያ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። "እጅህ ደከመ። እሱ እንኳ ፍሬውን ሊበላ ያርፍ ነበር። ና በቃ፣ ሳድዛው ቀዘቀዘ።"

ሚስማሩን ጣልኩ።

"አንጥረኛዬንም ይዘኸው ና።"

ስደርስ መዳፏን ዘርግታ ነበር።